ቁርበት የሆነው ፎጣ

እናቴ እኔን ያስተማረችኝ የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ኢንጂነሪንግ ስማር የታክሲውም የፎቶ ኮፒውም ብር የወጣው ከሳፋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር እየሠራሁ ደመወዜ ትንሽ ፈቀቅ ሲል መጀመሪያ የገዛሁላት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። «በቃ እማዬ፣ ከእንግዲህ እጅሽ ይረፍ» አልኳት። መረቀችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ፎጣዎቻችን ቁርበት ሆኑ። ከገመድ ሲወርዱ ብታቆሟቸው ይቆማሉ፤ ፊት ሲጠርጉባቸው ይቧጭራሉ። እናቴ «ሳታራግፍ እያሰጣህ እኮ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ማሽኑን ያልወደደችው መስሎኝ ቅር አለኝ። እንደ ሰነፍ ፕሮግራመር የችግሩን ምንጭ ሳልፈልግ በላይ በላዩ ደረብኩበት፤ የዱቄት ሳሙናውን አበዛሁ፣ ማለስለሻ ገዝቼ ጨመርኩ። ፎጣው ለሰለሰ፤ ውሃ መምጠጥ ግን ተወ። አንድ ቀን ፊቷን ጠርጋ ስታበቃ ፎጣውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ቅባት ቀብተኸው እንዴት ውሃ ይጠጣልህ?» አለች። እልህ ያዘኝ። የፎጣን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዛሬ በየቤታችን ያለው ለስላሳ ፎጣ የቱርክ ሸማኔዎች ሥራ ነው፤ በተለይ ቡርሳ የምትባለው ከተማ በዚህ ትታወቃለች። ተራ ጨርቅ አንድ ድርና አንድ ማግ አለው። የእነሱ ፎጣ ግን ሁለት ድር ነው ያለው፦ አንዱ የተወጠረ፣ ሌላው የላላ። ማጉ ገብቶ ሲመታ የላላው ድር ወደ ላይ ይታጠፍና ትንንሽ ቀለበት ይሠራል። ውሃ የሚመጥጠው ያ ቀለበት ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገውም እሱው ነው። ሄንሪ ክሪስቲ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ፎጣ ከኦቶማን ግዛት ወደ አገሩ ይዞት ሄደ። ሳሙኤል ሆልት ቀለበቱን የሚሠራ የሽመና ማሽን ፈለሰፈ፤ ፎጣውም እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ለዕይታ ቀረበ። ሁለቱ እንግሊዛውያን በስም ይጠራሉ። ሸማኔዎቹ «ቱርኮች» ተብለው ይታለፋሉ።

ታዲያ ቀለበቱን ምን ያደርቀዋል? አንዱ ተጠያቂ ውሃውና ሳሙናው ናቸው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ከተራ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሳፋው ዙሪያ የሚቀረው ግራጫ መስመር እሱ ነው። ያው ዝቃጭ ቀለበቶቹ መሀልም ይቀራል። የዱቄት ሳሙናም ሲበዛና በደንብ ካልተለቀለቀ እዚያው ይከማቻል። ማለስለሻው ደግሞ ከጨርቅ ፋብሪካ የመጣ ዘዴ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀለም የተነከረ ጥጥ ሲደርቅባቸው ፋብሪካዎች በውሃ፣ በሳሙናና በዘይት ድብልቅ ያለሰልሱት ነበር። በኋላ ለየቤቱ የተዘጋጀው ማለስለሻም የሚሠራው ክሩ ላይ ስብ ነክ ሽፋን በመለጠፍ ነው። ስብና ውሃ ደግሞ አይዋደዱም። እናቴ ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ «ቅባት» ያለችው ግን ልክ ነበር።

ማሽንም ማለስለሻም ሳይኖር ምን ይደረግ እንደነበር ጠየቅኳት። በልጅነቷ፣ በገጠር፣ ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ያረፋል። አረፋው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ስለሆነ እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ዝቃጭ አይሠራም።

እንዶድ ሲነሳ አክሊሉ ለማን አለማንሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ የሄዱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘ። የሚገባቸው ክብር ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሳይንቲስቱ ከልብስ አጣቢዎች ሥራ ሊማሩ ጎንበስ ብለው አዩ። እኔ ከአንዲት ልብስ አጣቢ ጋር አንድ ቤት እየኖርኩ አላየሁም።

ስለ ማራገፉም ልክ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2020 በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲና የካኦ ኩባንያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያብራራል። ጥጥ ደረቀ ስንል እንኳ ክሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ጥቂት ውሃ አለ፤ ያ ውሃ እንደ ሙጫ ክርን ከክር ያያይዛል። ፎጣው ሳይነቃነቅ ሲደርቅ ቁርበት የሚሆነው ለዚህ ነው። እርጥቡን ማራገፍ ማሽኑ ጨፍልቆ ያስተኛውን ቀለበት ያነሳዋል፤ ከደረቀ በኋላ ማሸት ደግሞ የተጣበቀውን ያላቅቀዋል።

አሁን ሳሙናውን በግማሽ ቀንሻለሁ። ማለስለሻው ቀርቷል፤ አልፎ አልፎ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አደርጋለሁ። ማራገፉ ግን የእኔ ሥራ ሆኗል፤ የእናቴ ትከሻ ከስንት ዓመት ጭመቃ በኋላ አልታዘዝ ብሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ ዱካዋን አውጥታ ትቀመጣለች። የፎጣውን ሁለት ጫፍ ይዤ አራግፋለሁ።

«አልጮኸም» ትለኛለች። «ድገመው።»

እደግመዋለሁ።