ዐጸድ

ጥቅምት 27 ወይም መጋቢት 27 ቀን ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚሄድ ምእመን የቅጽሩን በር ሲያልፍ የሚገባው ወደ ዐጸዱ ነው። ዛሬ «ዐጸድ» ስንል የቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በግእዝ ግን ቃሉ አጥር ያለው ስፍራንና አትክልት የተተከለበትን ቦታ ይዞ ይኖራል፤ የወይን ተክል ቦታ «ዐጸደ ወይን» ነው።

ሰውንም በዚሁ ቃል እናስቀምጠዋለን። ትንንሾቹን «ዐጸደ ሕፃናት» እናስገባቸዋለን። በሕይወት ያለውን «በዐጸደ ሥጋ»፣ ያረፈውን «በዐጸደ ነፍስ» እንለዋለን። ሁለቱም ቦታ ናቸው። እኔን እጅግ የሚያጽናናኝ ይህ ነው፦ አማርኛ ሟቹን ጠፋ አይልም፤ ከአንዱ ዐጸድ ወደ ሌላው ያሻግረዋል እንጂ።

ቀራንዮ ራሱ ከግሪክ የመጣ ስም ነው፤ የራስ ቅል ማለት ነው። የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 19 ጌታ በተሰቀለበት ስፍራ አትክልት እንደነበረ፣ አዲሱ መቃብርም በዚያው ውስጥ እንደነበረ ይነግረናል። መቃብሩና ተክሉ በአንድ ቅጽር ነበሩ ማለት ነው።

በጥንታውያን አድባራታችንም እንዲሁ ነው። በደቡብ ጎንደር ከተረፈው ነባር ደን አብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ጽዱና ወይራው የቆመው ሙታን ባረፉበት፣ የቆሎ ተማሪ በሚቀጽልበት መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ዐጸዱን በሲሚንቶ ስንሞላ ቃሉን ግማሽ እናደርገዋለን። ዛፍ የሌለበት ዐጸድ ቅጽር ብቻ ነው።