ትኬት የማይሸጥበት ወር፦ ሰርከስ የልምምድ ጊዜውን ከየት አገኘ?

ስለ ሰርከስ ሲወራ የሚነሣው ድንኳኑ፣ ፈረሱና ጭብጨባው ነው። ከጭብጨባው በፊት ስላለው ጊዜ የሚያነሣ ጥቂት ነው። አንድ አዲስ ትርዒት ሰው ፊት እስኪቀርብ ወራት ይፈጃል። በነዚያ ወራት ትኬት አይሸጥም፤ ባለሙያው ግን ይበላል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሲጎዳም ይታከማል። ይህን ወጪ የሚችለው ማን ነው? የሰርከስን ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል ማየት ዛሬ በኢትዮጵያ ያለውን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመናዊው ሰርከስ የተጀመረው በ1768 ለንደን ውስጥ ነው። ፊሊፕ አስትሊ የተባለ የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር ፈረስ በክብ ሲጋልብ ጀርባው ላይ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ እንደሚቀል አውቆ ትርዒቱን በክብ ሜዳ ላይ አደረገው። ወደ 13 ሜትር የሚጠጋው ያ ክብ እስከ ዛሬ የሰርከስ መለኪያ ነው። ከእርሱ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ሙያውን በአብዛኛው ይዘው የቆዩት ቤተሰቦች ናቸው። በሞቃቱ ወራት ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፤ ብርዱ ሲገባ ወደ ማረፊያቸው ተመልሰው ይለማመዳሉ። የልምምዱን ወጪ የሚችለው ቤተሰቡ ራሱ ነበር። በዚህም የተነሣ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ገበያ ላይ የተፈተነውን ትዕይንት ነው። አዲስ ነገር መሞከር በቤተሰቡ እንጀራ ላይ መቆመር ነበር።

ሌላ መንገድ ያሳየችው ሶቪየት ኅብረት ናት። በ1927 ሞስኮ ላይ የሰርከስ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የሰርከስ ባለሙያውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ። አዲስ ትዕይንት በሚያዘጋጅበት ወቅት ደመወዙ አይቋረጥም። የሶቪየት ሰርከስ ብቃት ዓለምን አስደነቀ። ምን መታየት እንዳለበት ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ከፋዩ መንግሥት ነበር።

የፈረንሳይ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። እዚያ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሰርከስን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የግብርና ሚኒስቴር ነበር። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ባህል ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም በሻሎን ከተማ ብሔራዊ የሰርከስ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ። በ1995 የማዕከሉ ተመራቂዎች ከኮሪዮግራፈሩ ጆዜፍ ናጅ ጋር «የእስስቱ ጩኸት» የተሰኘ ሥራ አቀረቡ። ሥራው የተናጠል ትዕይንቶች ስብስብ ስላልነበረ፣ ሰርከስም እንደ ቴአትርና እንደ ዳንስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሐሳብ ሊይዝ እንደሚችል ተመልካቹ አየ።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት «ሬዚደንሲ» የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። አንድ የጥበብ ቤት ቡድኑን ለጥቂት ሳምንታት ይቀበላል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ፣ ገመድና ትራፒዝ የሚሸከም ብረት፣ ቴክኒሺያን፣ መኝታ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ ይሰጣል። በመጨረሻ ቡድኑ ገና ያላለቀውን ሥራ ለአካባቢው ሰው ያሳያል፤ አስተያየቱን ሰምቶም ወደ ሌላ ቤት ሄዶ ይቀጥላል። በሸርቡር ከተማ ያለው ላ ብሬሽ ከነዚህ ቤቶች አንዱ ነው። ከ2010 ጀምሮ መንግሥት ለእነዚህ ቤቶች ብሔራዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ዕውቅናውን ያገኙት ዛሬ ከ10 በላይ ናቸው። በዚያ ላይ በ12 ወራት ውስጥ 507 ሰዓት የሠራ የመድረክ ባለሙያ ሥራ በሌለው ቀን የመድን ክፍያ ያገኛል። ወጪው ለብዙ ቤቶችና ተቋማት ስለተከፋፈለ፣ አንዱ በሩን ቢዘጋ ቡድኑ ሌላውን ማንኳኳት ይችላል።

በኢትዮጵያስ? ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 አዲስ አበባ ላይ በልጆች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። እስክስታን ከአክሮባት ጋር አዋሕዶ ውጭ አገር ድረስ ዞረ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ተቀበረ ፈንጂ የሚያስተምሩ ትርዒቶችም አቀረበ፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን እርዳታ ከመልእክት ጋር ሲመጣ ባለሙያው የራሱን ሐሳብ የሚሞክርበት ሳምንት አያገኝም። በ1998 ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ከተጓዘው ቡድን ወጣቶች በደል እንደደረሰባቸው ተናግረው ጥገኝነት ጠየቁ። የአንድ ልጅ ሥልጠና፣ ጉዞና እንጀራ በአንድ እጅ ሲያዝ አቤት የሚባልበት በር እንደሚጠብብ ያ ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሙያው ግን አልሞተም። ፍካት ሰርከስ ከ2004 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ እየሠራ ነው፤ በ2015 የአፍሪካ ሰርከስ ጥበባት ፌስቲቫል እዚያው ከተማ ተካሄደ። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የሄዱት ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ሰርከስ አቢሲኒያን መሥርተው በ2017 ኤድንብራ ላይ ታዩ፤ በኋላም በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘችው ከደራርቱ ቱሉ ሕይወት የተነሣ «ቱሉ» የተሰኘ ትርዒት ሠሩ። ታሪኩ የኢትዮጵያ፣ ተጫዋቾቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዝናውን ያተረፈው ግን በውጭ መድረክ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን አክሮባቶች ዛሬ በኮንትራት የሚሠሩት ሌላው በደረሰው ትርዒት ውስጥ ነው። የሚገለበጡት እነርሱ ናቸው፤ የሥራው ባለቤት ሌላ ነው። የባለሙያው ገላ ደግሞ ዕድሜ አለው፤ ጉልበቱ ሲደክም ኮንትራቱም ያበቃል። የራሱ ሥራ ያለው ሰው ግን መዝለል ካቆመ በኋላም ሌሎችን አሠልጥኖ ሥራውን በመድረክ ሊያቆየው ይችላል።

ይህን ለመለወጥ የፈረንሳይን በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። በየከተማው የወጣት ማዕከላት አሉ። ከመካከላቸው ጣሪያው ከፍ ያለውን መርጦ፣ ፍራሽና አስተማማኝ ማንጠልጠያ አሟልቶ፣ ለአንድ ቡድን ለ4 ሳምንታት ቁልፉንና መጠነኛ አበል መስጠት ይቻላል። ከቡድኑ የሚጠየቀው በመጨረሻው ቅዳሜ የደረሰበትን ለሰፈሩ ሰው ማሳየት ብቻ ይሁን። ወጪውን የከተማው ባህል ቢሮ፣ አንድ የግል ድርጅትና አንድ የውጭ ባህል ተቋም ቢካፈሉት፣ የቡድኑ ሕልውና በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም።