የተቀረጸ ለቅሶ

ሙዚቃ የታወከ መንፈስን ያሳርፋል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። ዳዊት በገና እየደረደረ ንጉሥ ሳኦልን ያረጋጋው እንደነበር ያልሰማ ተማሪ በክፍላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ሥራውን የሠራው በየትኛው ቅጽበት ነው? አድማጩስ ምን መለሰ? ብሎ የሚመረምር ሙያ የመጣው ገና በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ ለዚሁ ሙያ ትምህርት ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች የሞሉባቸው ሆስፒታሎችም ሙያውን አስፋፉት። ይህን በዚሁ እንለፈውና ወደ ሁለት ሰዎችና ወደ አንድ መሣሪያ እንምጣ። መሣሪያው ቴፕ ነው።

ፖል ኖርዶፍ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ክላይቭ ሮቢንስ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሰንፊልድ በተባለ የልጆች ማሳደጊያ የአእምሮ እድገት ዝግመት ያለባቸውን ልጆች የሚያስተምር፣ እንደኛው መምህር የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1959 አብረው መሥራት ጀመሩ። ኖርዶፍ በፒያኖ፣ ልጁ በሚያሰማው ድምፅ ላይ ተመሥርቶ እዚያው እየፈጠረ ይጫወታል፤ ሮቢንስ ልጁን ከበሮ እንዲመታ ያግዘዋል። ሁሉም በቴፕ ይቀረጻል። ልጁ ከሄደ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው ቴፑን ወደኋላ እየመለሱ ያዳምጣሉ፤ በየትኛው ደቂቃ ምን እንደተሰማም ይጽፋሉ።

ምን ይፈልጉ ነበር? አንድ ልጅ ከበሮውን ሳያቋርጥ ይመታል እንበል። ፒያኖው ሲፈጥን ምቱ ይፈጥናል? ፒያኖው ሲለሰልስስ? ምንም ካልተለወጠ ልጁ እየመታ ነው እንጂ እየተጫወተ አይደለም፤ ሙዚቃው አልደረሰውም ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከፒያኖው ምት ጋር እንዳይገጥም ሆን ብሎ ይሸሻል። ይህ ከላይ ሲታይ ስሕተት ይመስላል። ነገር ግን ያልሰማ ሰው ሊሸሽ አይችልምና ልጁ በሚገባ ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ የልጆችን ምላሽ በ13 ዓይነት ከፋፍለው አስፍረዋል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው መጽሐፋቸው ኤድዋርድ ብለው የጠሩት የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ እየጮኸና እያለቀሰ ገባ። ኖርዶፍ እሹሩሩ ብሎ ሊያባብለው አልሞከረም፤ በለቅሶው ጉልበት ልክ ተጫወተ። ኋላ ቴፑ በኖታ ሲጻፍ ለቅሶው ከፒያኖው መስመር በላይ እንደ ዜማ ተሰለፈ። የልጁ ጩኸት ከፒያኖው ድምፆች ጋር የተስማማ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ እጁን ያወጣል። ፒያኖ ተጫዋቹ ጆሮው የሠለጠነ ነው፤ ለቅሶውን ተከትሎ ድምፁን ማስማማት አያቅተውም። ታዲያ የተስማማው ልጁ ነው ወይስ ፒያኖው? እኛም ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል አናየውም። መልሱ ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ፒያኖው ቀድሞ ተለውጦ ለቅሶው በሚቀጥለው ትንፋሽ ከተከተለ ልጁ መልሷል ለማለት ይቻላል፤ ለቅሶው ከቀደመ ግን የተከተለው ሙዚቀኛው ነው። አንድ ጊዜ መገጣጠሙም አይበቃም፤ ሊደጋገም ይገባል። ኬኔዝ ብሩሺያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የመመርመሪያ ዘዴ ይህንኑ በግልጽ ይጠይቃል፦ ሰውየው በጨዋታው ጥገኛ ነው፣ ተከታይ ነው፣ ባልደረባ ነው፣ መሪ ነው ወይስ እምቢተኛ?

በተቋማችን አንድ ጊዜ የእጩ መምህርን የልምምድ ትምህርት በድምፅ ቀርጸን ነበር። በመከታተያ ቅጹ ላይ ስለ አንድ ተማሪ «አይመልስም» ብለን ጽፈናል። ስናዳምጠው ግን መምህሩ ወደ ሌላ ተማሪ ካለፈ በኋላ የልጁ ድምፅ በዝግታ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር ይሰማል። ቅጹን የሞላነው እኛው ነን።

ቴፕ ለተቀናቃኝም ያገለግላል። የኤድዋርድን ጉዳይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኖርዌይ የሚዘጋጅ የሙያ መጽሔት አንሥቶ ልዩ ልዩ ባለሙያዎች እንደገና እንዲመረምሩት አደረገ፤ አንድ ዓይነት ትርጉም አልሰጡትም። ሮቢንስም በሕይወት ስለነበረ ክርክሩ ደርሶበታል።

በክፍል መሞከር ለሚሻ መምህር ስልክ ይበቃዋል። አንድ ተማሪ ዴስክ እየመታ፣ ሌላው እያጨበጨበ አብረው ይጀምሩ። አንደኛው ሳይናገር ፍጥነቱን እንዲለውጥ በጆሮው ንገሩት። ከዚያም ቅጂውን የተቀሩት ተማሪዎች እየሰሙ ማን በስንተኛው ሰኮንድ እንደቀደመ ለየብቻ ይጻፉ። ይህ ሕክምና አይደለም፤ የጆሮ ልምምድ ነው። የጻፏቸው ሰኮንዶች የማይገናኙ ከሆነ ቅጂውን ደግማችሁ አሰሟቸው፤ ውጤቱንም ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩልን ደስ ይለናል።