ቦረና ላይ እብድ ጠፋ

ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ቦረና ወርደው የአእምሮ ሕመምተኛ ቆጠሩ። ውጤቱ የታተመው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ሠለጠኑ፣ ወደ ኦሮምኛ የተመለሰ ረጅም መጠይቅ ተሸከሙ፣ ከከፊል ዘላኑ ሕዝብ መካከል 1,854 ሰው ጠየቁ። ከመቶ 21.6 የሚሆነው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ዓይነት የአእምሮ ችግር ወይም የሱስ ነገር ደርሶበታል ተባለ። ከባዱ ሕመም ግን፣ ያ ስኪዞፍሬኒያ የሚሉት፣ ሰው የሌለበት ድምፅ የሚሰማበት፣ ጎረቤት ሁሉ ሊያጠፋኝ ዶለተ ብሎ የሚታመንበት ሕመም፣ አንድም አልተገኘም። ዜሮ!

ተልተሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ መሳቁ አይቀርም። እንዴት አይስቅ? የገበያ ቀን ከያቤሎ በሚመጣው መንገድ ዳር ቆሞ ከነፋስ ጋር የሚሟገተውን ሰው ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከስንት ዓመት በፊት እንደጀመረው፣ የትኛዋ እህቱ እንደምታበላው ሁሉ ይታወቃል። ቆጣሪዎቹ አጡት እንጂ አገሬው መቼ አጣው?

ሐኪሞቹም ቢሆኑ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። እነ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ዶክተር አታላይ ዓለም ነገሩን እንደገና መረመሩት፤ ሁለተኛው ጽሑፍ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በዚህኛው ዙር አገር የሚያውቁ ሰዎችን ሰብስበው አነጋገሩ፤ ሕዝቡ «ማራታ» የሚለው ምን ዓይነቱን ሰው እንደሆነ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሕመምተኞቹ ተገኙ፤ በሐኪም ምርመራም ተረጋገጠ። መጠይቁ የሳተውን አገሬው ሲያውቀው ኖሯል።

ይህን ታሪክ የማነሣው ሐኪሞቹን ለማማት አይደለም፤ ስሕተትን ተመልሶ ማረም በአገራችን ብርቅ ነገር ነውና ሊመሰገኑ ይገባል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ ማራታ ምን እንደሆነ ሲያስረዱ የዘረዘሩት በዓይን የሚታየውን ነበር። ይማታል፣ ይለፈልፋል፣ ይንከራተታል። በልቡ ምን እንደሚያምን፣ ማን ያሳድደኛል እንደሚል፣ ያ ብዙም አልተነሣም። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚፈራው ሰው፣ ውሃ ሲሰጡት መርዝ ነው ብሎ የማይጠጣው፣ ከዚህ ስም ውጭ ይቀራል። ማራታ ማለት የሚማታው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ወደ ተቃራኒው መሻገር አንድ እርምጃ ነው። ማራታ የሚማታ ከሆነ፣ የተማታም ሁሉ ማራታ ነው! ይህ ደግሞ የቦረና ብቻ አይደለም። እኛም በመኝታ ክፍላችን፣ በሻይ ቤት፣ አንድ አሰቃቂ ነገር በተሰማ ቁጥር «እብደት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል» ብለን እንገላገላለን።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ፣ አዲስ ዓለም ከተማ ላይ የሆነው እንዲሁ ነበር የተባለለት። ለጤና ምርምር የሄዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ልጆችን መርዝ ሊወጉ መጡ የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሁለት ተመራማሪዎች ተገደሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2010፣ ሻሸመኔ ላይ በአደባባይ ስብሰባ መሐል አንድ ሰው ቦምብ ይዟል ተብሎ በሕዝብ ተደብድቦ ተሰቀለ። ቦምብ አልተገኘም።

እስቲ እናስተውል። አዲስ ዓለም ላይ ድንጋይ ያነሣው ማነው? ወላጅ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ከእርሻው የመጣ ገበሬ ነው። በማግሥቱ ወደ ሥራው የተመለሰ፣ ዕዳውን የሚያስታውስ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። የሌለ ድምፅ አልሰማም፤ የሰማው የጎረቤቱን ድምፅ ነው። የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር፣ «ልጆቻችንን እየመረዙ ነው» የምትለዋን፣ አንድ ጊዜ ከተቀበለ በኋላ የቀረው ሁሉ አባት የሚያደርገው ነገር ነው፤ መሮጥ፣ መጮኽ፣ መምታት። ችግሩ ያለው እዚያች አረፍተ ነገር ላይ ነው፤ እሷን ደግሞ ያቀበለው የሚያምነው ሰው ነው።

ይህ የኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያልነቃ ሕዝብ» ብለን በተገላገልን። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1321 ፈረንሳይ ውስጥ ለምጻሞች ከአይሁድና ከግራናዳው ንጉሥ ጋር ዶልተው ጉድጓድ መረዙ ተብሎ በእሳት ተቃጠሉ። በ1771 ሞስኮ ወረርሽኝ ገብቶ ሳለ ሊቀ ጳጳስ አምብሮሲዮስ ሕዝብ እንዳይጨናነቅ ከአንዲት ሥዕለ ማርያም ፊት ስብሰባ ቢከለክሉ፣ ሕዝቡ ከተሸሸጉበት ጎትቶ ገደላቸው። በ1831 ሃንጋሪ ላይ ኮሌራ ገባ፤ ገበሬው ባላባቱና ሐኪሙ ሊጨርሱን መርዝ ጨመሩብን ብሎ ተነሣ። በ2014 ደግሞ ጊኒ ውስጥ ዎሜ በምትባል መንደር ስለ ኢቦላ ሊያስተምሩ የሄዱ ስምንት ሰዎች፣ የጤና ሠራተኞች፣ ሹማምንትና ጋዜጠኞች፣ ተገድለው ሬሳቸው ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ።

ስድስት መቶ ዘጠና ዓመት ሙሉ ያው መርዝ ነው። እኔን የሚደንቀኝ በወሬው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ እውነተኛ ነገር መኖሩ ነው። በሽታው እውነት ነው። ሐኪሙ እውነት መጥቷል። መርፌም ይዟል። ከላይ የመጣ ነው፤ ቋንቋው ሌላ ነው፤ ለምን እንደመጣ በቅጡ አላስረዳም ወይም አስረድቶ አልተሰማም።

ታዲያ ለምን አይታመንም? እዚህ ላይ ታሪካችንን ማየት ግድ ነው፤ ነገሩም እዚህ ላይ ይጠነክራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲሞቱ መሞታቸው ተደበቀ። አገር ሙሉ በሹክሹክታ «አርፈዋል» ሲል ቤተ መንግሥቱ ዝም አለ። ሹክሹክታው ትክክል ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 1909፣ ልጅ ኢያሱ እስልምና ተቀበሉ በሚል ክስ ከሥልጣን ወረዱ፤ በዚያን ጊዜ እጅ በእጅ የዞሩት ፎቶግራፎች የተቀነባበሩ ናቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። በወሩ ሰገሌ ላይ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ክሱን ያወጁት መኳንንትና ካህናት ናቸው፤ በዘመኑ ከነሱ የበለጠ ጤነኛ የሚባል ማን ነበር?

በ1965 ወሎ ሲራብ መንግሥት ረሃብ የለም አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ «ይደብቁናል» ይል የነበረው ተማሪ ልክ ሆነ። በጥር 1966 ደግሞ እዚሁ ነገሌ ቦረና የጦር ሠፈር ውስጥ ወታደሮች መኮንኖቻቸውን አሠሩ። ምክንያቱ የሚበላ ምግብና የሚጠጣ ውሃ ነበር፤ ሊያነጋግሩ የመጡትን ጄኔራልም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ወሬው ከሠፈር ሠፈር ሲዘልቅ ከጋዜጣ አልተነበበም። ከዚያ በነሐሴ 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሞቱ ተባለ። «ገድለዋቸው ነው» ብሎ የተንሾካሾከ ሰው በዚያን ሰዓት ምላሱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ።

እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ያደገ ሰው «ይደብቁናል፣ ይዶልቱብናል» ቢል ምኑ ነው እብደቱ? ከተሞክሮ የተማረ ነው። በልጅነቴ ተልተሌ ላይ የከብት ክትባት መጣ ሲባል «ሊቆጥሩን ነው» ብለው ግማሹን ከብት ወደ ቆላ የሚነዱ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። ግብር ከፍለው ያውቃሉ እኮ! ጭንቅላታቸው ውስጥ የነበረው ሒሳብ ነው።

መንግሥትም ራሱ ያንኑ ቋንቋ ሲናገር ደግሞ ምን እንደሚሆን 1969 እና 1970 አሳይተዋል። በመስከረም 1969 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የተሞከረው ግድያ እውነተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሤረኛው በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአልጋው ሥር ተፈለገ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «አጋልጡ» ሲባል ያጋለጠው ጎረቤት እንቅልፉን የሚተኛ፣ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። ዝርዝሩን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እዚህ አልደግመውም።

* * *

ሕመምተኛው የሚያምነው ሤራስ? ይኖራል፤ አንዳንዴም ደም ያፈስሳል። በዓለም ሕግ ውስጥ ስሙ የቀረው ዳንኤል ማክኖተን የሚባል የስኮትላንድ እንጨት ጠራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1843 ለንደን መንገድ ላይ ኤድዋርድ ድራሞንድን ከኋላው በሽጉጥ መታው፤ ሰውየው የጠቅላይ ሚኒስትር ፒል ጸሐፊ ነበር፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ማክኖተን ሲጠየቅ በአገሩ ያሉት የቶሪ ፓርቲ ሰዎች በሄደበት እየተከተሉ እንዳሳደዱት፣ ሰላም እንደነሱት ተናገረ። ፍርድ ቤቱ ሕመምተኛ ነው ብሎ ከጥፋተኝነት ነፃ አወጣው፤ ቀሪ ዕድሜውን እስከ 1865 በእብዶች ማኖሪያ ጨረሰ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከዚያ ቁጣ የወጣው ደንብ ነው እስከ ዛሬ በብዙ አገር ፍርድ ቤት የሚጠቀሰው። የኛም የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በኋላም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 48 ላይ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ማወቅ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንዳይሆን ደንግገዋል።

በማክኖተን ሤራና በአዲስ ዓለሙ ሤራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? በይዘት ከሆነ ብዙም የለም፤ ሁለቱም ከላይ ሆነው ሊያጠፉን ነው ይላሉ። ልዩነቱ ስንት ሰው አመነው የሚለው ነው። የማክኖተንን ሤራ ያመነ ማክኖተን ብቻ ነበር። አሳዳጆቹም የሚያሳድዱት እሱን ብቻ ነበር። የሕመም ሤራ ብቸኛ ነው፤ እናቱም አታምነውም፤ የሚጋራው ቢፈልግ አያገኝም። የወሬ ሤራ ደግሞ ያለ ሰው አይኖርም። ከአፍ አፍ ካልተላለፈ እዚያው ይሞታል፤ ለማስተላለፍ ደግሞ የሚታመን አፍ ያስፈልጋል። ያ በተልተሌ መንገድ ዳር ከነፋስ ጋር የሚሟገተው ሰው ቀኑን ሙሉ «መረዙን!» ብሎ ቢጮኽ ድንጋይ የሚያነሣለት የለም። ያንኑ ቃል መምህሩ ወይም ሽማግሌው አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይበለውና እንይ።

ስለዚህ «እብደት ነው» የምትለው ቃላችን ሁለት ሰው ትበድላለች። ገዳዩን ጤነኛ ከጥያቄ ታስመልጣለች፤ ምንም ያላደረገውን ሕመምተኛ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ታስመስላለች። ጥናቶች በየአገሩ ያሳዩት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሌላውን ከሚጎዳው ይልቅ እሱ የሚጎዳው እንደሚበዛ ነው።

የሕክምናው ነገር አጭር ነው፤ ምክንያቱም ለረጅም ዘመን የነበረው ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች አሥራ አንድ ነበሩ። ከተልተሌ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከብት ተሸጦ፣ ሁለት ዘመድ አብሮ ተሣፍሮ፣ ሕመምተኛው ከመኪና እንዳይዘል መሐል ተደርጎ ነው የሚኬደው። ብዙው አይሄድም። ገመድ አለ፤ ሰንሰለት አለ፤ ጸበል፣ ሼኽ፣ አዋቂ አለ።

ስለ ገመዱ አንድ ነገር ልጨምር። ልጇን ከጎጆው ምሰሶ ጋር አስራ የምታኖር አንዲት እናት ተልተሌ ውስጥ አውቃለሁ። እኛ የተማርን ነን ባዮች ሄደን «እማማ፣ ማንን ጎድቶ ነው የሚታሠረው?» ብለናቸው ነበር። ሰው ይጎዳል ብለው የፈሩ መስሎን። እሳቸው ግን «እሱ ማንን ይነካል ልጄ» አሉን። የፈሩት ጊዜውን ነው። አገር ሲታመስ፣ ወሬ ሲበዛ፣ ልጃቸው እንደ ልማዱ መንገድ ይዞ ይጠፋል፤ ሰው በማያውቀው ከተማ ጨርቁን በጆንያ ተሸክሞ ብቻውን ይገኛል። ወጣቶች ከበው «ማነህ? ከየት መጣህ? የያዝከው ምንድነው?» ይሉታል። እሱ ደግሞ፣ አሉን እናቲቱ፣ ሲጠይቁት ይስቃል።