የኮሮጆና የሸንጎ ድልድል

ወላይታ ሶዶ ላይ ኮሮጆ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የወላይታ ሕዝብ አዲስ ክልል ስለ መመሥረት በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከነጭ እርግብና ከጎጆ ቤት አንዱን መርጦ ወረቀቱን ከተተ። ምርጫ ቦርድ በታዩ ጥሰቶች የዞኑን ውጤት ሲሰርዝ ሰኔ 12 ቀን ዳግመኛ ተሰለፈ። ድካሙ ብዙ ቢሆንም ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ብዙ ድምፅ ያገኘው ምልክት ያሸንፋል።

ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2008 የሆነው ለዚህ ስሌት አይገዛም። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ከተፎካከሩት ሁለቱ ሂላሪ ክሊንተን 51 በመቶ ገደማ፣ ባራክ ኦባማ 47 በመቶ ገደማ አገኙ። በድልድሉ ግን ኦባማ 99፣ ክሊንተን 94 ሆኑ።

የሚደለደሉት በፓርቲው ብሔራዊ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ ዴሊጌት ይባላሉ። «ልዑክ» የሚለው ትርጉም አይመቸኝም፤ ልዑክ መልእክት አድርሶ ይመለሳል። የእኛ ፓርቲዎች ጉባኤ ሲጠሩ የሚሉት «ጉባኤተኛ» አለ፤ እሱ ይበቃል።

ቴክሳስ ያኔ በድምፅ የሚደለደሉ 193 ጉባኤተኞች ነበሯት። 126ቱ በፕራይመሪ፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ተደለደሉ። 67ቱ የተደለደሉት በኮከስ ነው። ምሽት ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ቀን ድምፅ የሰጠው ሰው ወደ ሰፈሩ ጣቢያ ተመልሶ፣ በሰው ፊት ስሙንና የሚደግፈውን ዕጩ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የማታ ፈረቃ ያለበትና ልጅ የሚያስተኛ ሰው ይቀራል፤ ቀስቃሽ ያደራጀው ይመጣል። ኦባማ በዚህ 38 ለ29 መራ።

ክሊንተን በቀኑም ብትሆን ያገኘችው 65 ለ61 ብቻ ነው። ግዛቱ በ31 ወረዳዎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ቀደም ሲል ለፓርቲው በሰጠው ድምፅ መጠን ከ2 እስከ 8 ጉባኤተኛ ይደርሰው ነበር። ዕጣው 4 በሆነበት ወረዳ 60 በመቶ ያገኘ ዕጩ 2.4 ይደርሰዋል፤ ተቀናቃኙ 1.6። ሲጠጋጋ ሁለት ለሁለት! ዕጣው 3 በሆነበት ግን 52 በመቶ ያገኘ ሁለቱን ይወስዳል። ስለዚህ የት እንዳሸነፉ፣ በስንት እንዳሸነፉ ያህል ይከብዳል።

ፕራይመሪን «ቅድመ ምርጫ» የሚሉ አሉ። እኛ ዘንድ ግን «ቅድመ ምርጫ» ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ደግሞም ኮከሱም ያው ቅድመ ምርጫ ነው። የሚለያቸው ድምፁ የሚሰጥበት መንገድ ስለሆነ «የኮሮጆ ድምፅ» እና «የሸንጎ ድምፅ» ብዬ፣ ቅይጡን «የኮሮጆና የሸንጎ ድልድል» እለዋለሁ። ወላይታና ጋሞ ያለ አንባቢ «ዱቡሻ እያለ ሸንጎ ለምን?» ቢለኝ እውነቱን ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ተገናኝቶ የሚነጋገርበት አደባባይ ነውና ምስሉ ይቀርባል። ነገር ግን ዱቡሻ የሚጠራው ተመካክሮ ወደ አንድ ቃል ለመድረስ ነው፤ ኮከስ ራስ ቆጥሮ ይበተናል። ሸንጎ የተሻለ ባይሆንም ብዙ አያሳስትም።

ቴክሳስ ቅይጡን ትታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረው ኮሮጆው ብቻ ነበር።

የእኛም ሕገ መንግሥት ድልድል አለው። በአንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔር በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ፣ በተጨማሪም በየአንድ ሚሊዮን ሕዝቡ አንድ ወኪል ይኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ለሆነው የወላይታ ብሔር፣ በዚህ ስሌት ሁለት ይደርሱታል። ወኪሎቹን የክልል ምክር ቤቱ ራሱ ሊመርጣቸው ይችላል፤ ወይም በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ሊያስመርጣቸው። ሸንጎም ኮሮጆም ተፈቅዷል፤ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።