ልጆቻችን የትምህርት ዓመቱን በደህና እንዲጀምሩ

የጳጉሜን ቀናት በብዙ አጥቢያዎቻችን የጾምና የጸሎት ጊዜ ናቸው። ያለፈውን ዓመት እናመሰግናለን፣ መጪውን ለጌታ አሳልፈን እንሰጣለን፣ በዋዜማው ደግሞ የአዳር ጸሎት አለ። እኔም መጋቢ እንደ መሆኔ ይህን ፕሮግራም ለዓመታት መርቻለሁ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ በየዓመቱ የማየው አንድ ነገር አለ፤ በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ በእናታቸው ነጠላ ተሸፍነው የተኙ ሕፃናት። እነዚሁ ልጆች ከጥቂት ቀናት በኋላ ማለዳ ተነሥተው ሰልፍ ላይ መቆም አለባቸው። ስለ ትምህርታቸው አጥብቀን እንጸልያለን፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ምን አዘጋጃችሁላቸው ብንባል ግን አብዛኞቻችን ዩኒፎርምና ደብተር ብለን እናቆማለን። በዚህ ጽሑፍ ከደብተሩ ሌላ ስላሉት ነገሮች እንመለከታለን።

እንቅልፍ

በክረምቱ ሁለት ወራት የልጆች ሰዓት ይዛባል። ሌሊት 6 ሰዓት የተኛ ልጅ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይነሣል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። እንግዲህ እናስላው። የሁለተኛ ክፍል ልጃችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ አሥር ሰዓት እንዲተኛ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በሰርቪስ የሚሄድና ቀድሞ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት።

ይህ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ከነሐሴ 20 አካባቢ ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም እያሉ መሄድ ነው። ብዙ ወላጆች ማስተኛቱን ይጀምሩና ልጁ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ተስፋ ይቆርጣሉ። ከመንቂያው መጀመር ይቀላል፤ ማለዳ ቀስቅሳችሁ መስኮቱን ክፈቱ፣ ውጭ ይጫወት፣ ማታ ራሱ ይደክመዋል። ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይዘጉ። ስልኩ የሚያድረው በወላጆች ክፍል ቢሆን መልካም ነው።

ስለ አዳር ጸሎቱም አንድ ቃል ልበል። እኛ አገልጋዮች ልጆችን ይዞ ማደርን የመንፈሳዊነት ምልክት አናድርገው። በእኛ አጥቢያ የልጆቹን የዋዜማ ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት አምጥተነዋል። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እናቶች ግን አላጉረመረሙም።

ዓይንና ጆሮ

ቀጥሎ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ደብተሯ ሁልጊዜ ጎደሎ ነበር። መስመር ትዘላለች፣ ግማሹን ጽፋ ትተወዋለች፣ አንዳንዴም ከጓደኛዋ ስትገለብጥ ትያዛለች። ሰነፍ አልኳት። ቴሌቪዥን ከለከልኳት፣ አስጠኚ ቀጠርኩላት፣ በእንግዳ ፊትም ተናገርኳት። ሦስተኛ ክፍል ስትገባም ነገሩ አልተለወጠም። በመጨረሻ መምህርቷ ወሬ ታበዛለች ብላ ከኋላ ዴስክ አንሥታ ፊት አስቀመጠቻት። በሳምንቱ ደብተሯ ሞላ። መምህርቷ ጠርታ፣ “ጋሼ፣ ይህች ልጅ ሰሌዳው የሚታያት አይመስለኝም፤ አስመርምሯት” አለችኝ። እውነትም ከሩቅ አታይም ነበር። መነጽር ተደረገላት። ይቅርታ ስጠይቃት፣ “አባዬ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ይመስለኝ ነበር” አለችኝ።

ልጅ የሚያየውን የሚያነጻጽርበት ነገር ስለሌለው “አይታየኝም” ብሎ ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን እናንተ ፈልጉ። ሲያይ ዓይኑን ያጨፈግጋል? ቴሌቪዥኑ ሥር ካልተቀመጠ አይሆንለትም? አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱን ያመዋል? ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከሩቅ አስነብቡት፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን በእጁ ሸፍኖ። አንዱ ዓይን ደኅና ሲሆን የሌላው ድካም ተደብቆ ይኖራልና። ይህ ግን ምርመራን አይተካም። ጆሮም እንዲሁ ነው። “ምን?” እያለ የሚያስደግም፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ እምቢተኛ ነው ተብሎ አይቀጣ። ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን አስመርረው ተስፋ እንዳያስቆርጡ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ለእኔ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ 1ኛ፣ 7ኛና 9ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ግቢም መምህርም ጓደኛም በአንድ ጊዜ ይቀየርባቸዋል። ለእነዚህ የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል።

ትንንሾቹን በተመለከተ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን መንገዱን አብራችሁ ሂዱ። ግቢው ከተከፈተም ክፍሉን፣ የውኃ ቧንቧውንና መጸዳጃ ቤቱን አሳዩት። አዋቂዎች ይረሱታል እንጂ የብዙ ሕፃን ትልቁ ጭንቀት መጸዳጃ ቤት ነው፤ እንዴት አስፈቅዶ እንደሚወጣ፣ ሱሪውን ማን እንደሚቆልፍለት። ቁልፉን ራሱ መፍታትና መቆለፍ፣ ምሳ ዕቃውን ራሱ መክፈት ይለማመድ። በሩ ላይ ሲያለቅስ ተደብቃችሁ አትጥፉ። ስማችሁት፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚወስደው ነግራችሁት ሂዱ፤ ያላችሁትንም ሰዓት ጠብቁ። አንድ ቀን ብትዘገዩ የሳምንቱን ሥራ ታፈርሱታላችሁ። በቤት ውስጥም “ቆይ ለቲቸርህ ነው የምነግርልህ” እያላችሁ መምህርን ማስፈራሪያ አታድርጉ።

ልቅሶው በብዙዎች ዘንድ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። በእኛ አገር ግን መስከረም 17 የመስቀል በዓል ይመጣና ገና የለመደውን ልጅ ቤት ያውለዋል። በማግስቱ እንደ አዲስ ቢያለቅስ አትደንግጡ።

“ስንተኛ ወጣህ?”

ይህን ጥያቄ አጎትም ጎረቤትም የመዘምራን መሪም ይጠይቃል። ሃምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሌሎቹ አርባ ዘጠኙ በዚህ ጥያቄ ፊት አንገታቸውን ይደፋሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ከተነገረ ወዲህ ፍርሃቱ ወደ ታችኛው ክፍል ልጆች ሳይቀር ወርዷል። እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው ማስፈራራት አይደለም፤ ልጁ በቋንቋው አጥርቶ ማንበቡን ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማረጋገጥ ነው። በየምሽቱ ሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ማንበብ የማትችሉ እናቶችም ተቀምጣችሁ አድምጡት፤ አድማጭ ማግኘቱ ራሱ ያበረታታዋል።

ሉቃስ 2፥46 ላይ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ኢየሱስ በመምህራን መካከል ሆኖ ሲሰማና ሲጠይቅ እናገኘዋለን። እኛም ቤት ሲመለስ “ዛሬ ምን ጠየቅህ? ምን አስቸገረህ?” እንበለው። መጀመሪያ ላይ “ምንም” ይላል። አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡ።

ገንዘብና ዩኒፎርም

የመስከረም ወጪ በበግና በዶሮ ወጪ ላይ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። ክፍያውን ከበዓሉ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ዕቁብ ያላችሁም ዕጣውን በነሐሴ እንድትወስዱ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ባልና ሚስት ስለ ክፍያ ሲጨቃጨቁ የሰማ ልጅ ትምህርቱን እንደ ዕዳ ያያል። ዩኒፎርም ስታሰፉ እጥፉን አስተርፉ። ሐና በየዓመቱ ለሳሙኤል መደረቢያ እየሠራች ስትወስድለት (1ሳሙ. 2፥19) በየዓመቱ ልኩን ማሰብ ነበረባት።

አብያተ ክርስቲያናት ለችግረኛ ልጆች ደብተር ማደላቸው መልካም ነው። ነገር ግን ልጆቹን መድረክ ላይ ደርድሮ እያጨበጨቡ መስጠት ይቅር። ያ ልጅ ሰኞ ዕለት በዚያው ደብተር አጠገቡ የሚጽፈው ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚያውቀው ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ለእናቲቱ በጓዳ ስጧት። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ በከተማው አስተዳደር መቅረብ ስለ ጀመረ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ጫማ ሊሆን ይችላል። መነጽርም ሊሆን ይችላል።

ከመምህሩ ጋር

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ላሳስብ። ወላጅ ከመምህር ጋር ሲነጋገር ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። መጥፎውን ዜና ይዘልለዋል፣ ወይም በወላጁ ላይ ሥልጣን ያገኘ ይመስለዋል። በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በሌላም ስፍራ ብትሆኑ ከቀጠሮው በፊት አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

አገር ቤት ያለነው ደግሞ ትምህርት ቤት የምንሄደው ስንጠራ ወይም ካርድ ሲሰጥ ነው። በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ መፈረም ብቻ አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሄዳችሁ መምህሩን ሰላም በሉ፤ ልጁ የማይስማማው ምግብ ካለ፣ በቤት ውስጥ ኀዘን ከደረሰ፣ ሰፈር ከቀየራችሁ ንገሩት፤ ስልክ ተለዋወጡ። እኔ ስለ ልጄ ዓይን ከነገረችኝ መምህርት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኘነው በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ነበር።