«የዘመዴ ልጅ ነው»

ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ነጠላ ወይም የሀበሻ ቀሚስ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ጥለቱን ነው። ከዚያ ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ «ከሌላ ሱቅ በዚህ ሰጥተውኛል» ትላላችሁ፣ ትስማማላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ዛሬ ስለዚህች ጥያቄ ልጽፍ ነው። ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ታሪኩን ከሽሮ ሜዳ አልጀምረውም። ከእንጦጦ በስተምሥራቅ ወደ የካ ውረዱና የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች ያሉበትን ሰፈር አስቡ። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የምንለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ለውጭ መንግሥታት ሰፋፊ ቦታ የሰጡት በዚህ በኩል ነበር። በ1910ዎቹ ከእነዚህ ግቢዎች ወደ አውሮፓ በሚላኩ ደብዳቤዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ይነሡ ነበር፤ ጠመንጃና ባሪያ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ዌስትሚንስተር ጋዜት የተባለው የለንደን ጋዜጣ ስለ ኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣና ነገሩ አደባባይ ወጣ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ይህን ጊዜ አገራቸውን መንግሥታት ማኅበር ውስጥ ለማስገባት ይጥሩ ነበር። ተሳካላቸውም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። መግቢያው ግን በነጻ አልነበረም፤ ባርነትን ለማጥፋት ቃል መግባት ነበረባት። ስድስት ወር እንዳለፈ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ አዋጁ ወጣ።

አዋጁን ልብ ብላችሁ እዩት። ሽያጩንና ግዢውን ይቀጣል፤ ባሪያው ግን ወዲያው ነጻ አይወጣም፣ ቀስ በቀስ ነው። ጌታው ቢሞት እንኳ ወራሾቹ ዘንድ የሚቆይበት ዓመት ተቆርጦለት ነበር። ሐምሌ 8 ቀን 1923 የወጣው ሁለተኛው አዋጅ ጊዜውን አሳጠረው። በማግስቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተፈረመ። በ1924 ሎርድ ኖኤል-በክስተንና ሎርድ ፖልዋርዝ ከፀረ ባርነት ማኅበር ተልከው አዲስ አበባ ሲመጡ ንጉሠ ነገሥቱ ባርነት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጠፋ ነገሯቸው። ጣሊያን ግን ያን ያህል አልጠበቀም። ጥቅምት 1928 ዓ.ም. ትግራይ እንደገባ ጄኔራል ዴ ቦኖ «ባርነትን ሽሬአለሁ» ብሎ አወጀ። ለወረራው ከዚህ የተሻለ ማሳመኛ ከየት ያገኛል? (ይህን ስጽፍ የጣሊያንን ግብዝነት ለማሳየት ብቻ አይደለም። እኛም ምክንያቱን ባናቀብለው ኖሮ የሚል ቁጭት አለኝ።) በመጨረሻ ሕጋዊ ባርነት የተሻረው ከነጻነት በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ታዲያ ከ1916 እስከ 1934 ምን አዘገየው? የመሳፍንቱ ጥቅም አለ፣ የማዕከላዊ መንግሥት አቅም ማነስ አለ፣ ይህን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ቤት የሚባለው ነው። በገበያ የሚሸጥን ሰው መያዝ ይቻላል። ማጀት ውስጥ እንጨት የሚፈልጠውን፣ ውሃ የምትቀዳውን፣ ወፍጮ ላይ የምታድረውን ማን ይይዛታል? ዳኛ ቢመጣ ጌታው «ቤተሰቤ ናት፣ አሳድጌያት ነው» ይላል። እውነትም አሳድጓታል። ከማን ወስዶ እንዳሳደጋት ግን አይነሣም። በዚያ ዘመን ባርነቱን የሚከላከሉ ሰዎች ዋና ክርክርም ይኸው ነበር፤ «የእኛ ባሪያ እንደ ቤተሰብ ነው» የሚል። ከ1934 በኋላም ብዙዎቹ ነጻ የወጡ ሰዎች እዚያው ቤት አሽከርና ገረድ ሆነው ቀሩ። መሬት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ወዴት ይሂዱ?

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ እንውጣ።

የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመሩት አገራቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ከተማው በሙሉ የሚለብሰውን ሠርተው «ሸማኔ» ተብለው ተናቁ፤ ይህ ንቀት ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ማግ እያጠነጠነ ይለምዳል። በዚህ ውስጥ ምንም ክፋት የለም።

ክፋቱ የሚመጣው አባትየው ጨንቻ ቀርቶ ልጁ ብቻውን ሲመጣ ነው። መንገዱ የታወቀ ነው። ዘመድ ወይም ደላላ ለበዓል አገር ቤት ይሄዳል፤ «አዲስ አበባ ወስጄ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፣ ሙያም ይማራል» ይላል። ወላጅ ያምናል፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው። ልጁ ደርሶ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከንጋት እስከ ምሽት ይሸምናል፣ እዚያው ክፍል ይተኛል፣ ደመወዙ ምግቡ ነው። ብትጠይቁት አሠሪው ምን ይላል? «የዘመዴ ልጅ ነው።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፣ ዘመዱ ነው። እሱም በልጅነቱ እንዲሁ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

በ1916 ዳኛውን የመለሰችው ያቺው ቃል ናት።

ይህ የእኔ ምናብ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕፃናትና በግዳጅ ሥራ የሚመረቱ ዕቃዎችን ዝርዝር ያወጣል። ከኢትዮጵያ ቡና፣ ወርቅ፣ ጫትና የቀንድ ከብት በሕፃናት ሥራ ተጽፈዋል። በሁለቱም፣ በሕፃናትም በግዳጅም ሥራ የተጻፈው የእጅ ሽመና ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማም በዚያው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ወርልድ ቪዥን የመራው ኢ-ፌስ የተባለ ፕሮጀክት በአዲስ አበባም በጋሞ ጎፋም ሲሠራ ነበር።

ሕግ ጎደለን እንዳንል አልጎደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ባርነትንም፣ በሰው መነገድንም፣ የግዳጅ ሥራንም ይከለክላል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 አሳድጓል። በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በ2012 ወጥቷል። የውጭውም አለ፤ እንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ድርጅቶች በሠራተኞቻቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረጉ በየዓመቱ መግለጫ ማውጣት አለባቸው። መግለጫ ማውጣት ደግሞ ቀላል ነው። «ምንም አላደረግንም» ብሎ መግለጫ ማውጣት እንኳ በሕጉ ይፈቀዳል፤ አንብቤ ስቄአለሁ።

ሸማ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ቢሮው የካ፣ ቦሌ ወይም መርካቶ ሊሆን ይችላል። ሠራተኞቹ ውል አላቸው፣ ጡረታ ይከፈልላቸዋል፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ፋይሉ ንጹሕ ነው። ጨርቁን ግን ከነጋዴ ይገዛል፣ ነጋዴው ከሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ከሸማኔ። እስከ ሸማኔው ቤት ዘልቆ የሄደ የለም። ባርነቱ ካለ ያለው እዚያ ነው፣ በር የሚያንኳኳው ግን የለም።

አንዳንድ የውጭ ገዢ ደግሞ ዝርዝሩን አይቶ «የኢትዮጵያ ሽመና ይቅርብኝ» ይላል። እኔ ይህን መከላከል አልለውም። ገዢው እጁን ታጠበ፤ ልጁ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ሸማኔው ደግሞ ደኸየ፣ ሲደኸይ ደግሞ አዋቂ ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ ያልተከፈለውን ልጅ አጥብቆ ይይዛል። ዋጋውን ረግጦ ረግጦ መጨረሻ ላይ «ለምን ልጅ አሠራህ?» ማለት ፌዝ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ እዚያው እንጦጦ ሥር ማየት ይቻላል። ከተራራው ባሕር ዛፍ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ይሸምናሉ። ገዢው ገብቶ ያያል፤ ማን እንደተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈላት ይጠይቃል፣ እሷ ራሷ ትመልስለታለች። ትንሽ ቦታ ናት፣ የሽሮ ሜዳን ገበያ አትተካም። ከሽመና ዕቃው እስከ ሻንጣው ያለው መንገድ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ይታያል።

ገበያው ሲሟሟቅ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት፣ ትእዛዝ ይደራረባል። «በሁለት ቀን ድረስ» ይባላል። በሁለት ቀን እንዲደርስ ሌሊት መሠራት አለበት። ሌሊቱን ማን እንደሚሠራ የሚያውቀው በዚያ ክፍል የሚያድረው ነው።